ዋለ የዘለለው ረድፍ

ሆሳዕና ውስጥ ዋለ ሀንዳሞን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ሰርግ ደግሶ አያውቅም ወይ ሰው ሞቶበት አያውቅም። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበረች፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጃፍ ቆሞ ነው የሚያወራው። ሰርግና ለቅሶ ይቀርጻል፣ ዲስክ ይገለብጣል፣ የተበላሸ ሪሲቨር ይጠግናል። የአንጋጫ ልጅ ስለሆነ አማርኛውንም ሀዲይኛውንም በከምባትኛ ዜማ ነው የሚናገረው፤ እኛ ስንስቅበት አብሮን ይስቃል። በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ አያውቅም፣ በሥዕል ጥራት። "ብዥ ያለ ነገር ከእጄ አይወጣም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ይህቺው ጥራቱ መዘዝ ይዛ እንደምትመጣ ያኔ የነገረን የለም።

የለቅሶ ቀረጻ እንግዳ ሰውን ግራ ሊያጋባ ይችላል። በእኛ አካባቢ አንድ ሁለት ልጅ ደቡብ አፍሪካ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ልጁ አባቱ ሲሞት መምጣት አይችልም፤ ወረቀት የለውማ። ስለዚህ ለቅሶው ተቀርጾ ይላክለታል። እሱም እዚያ ቁጭ ብሎ በዋናነት የሚያየው ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ነው። አባቴን ያልቀበረ ሰው ነገ ሲሞትበት እኔም አላውቀውም ይላል። በዚህ ምክንያት ቀራጩ አንድ ሰው ከዘለለ ጠብ ይነሣል። ዋለ በጀማሪነቱ የአንድ ሟች አማች አምልጦት፣ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ሲገባ በረድፍ ነው የሚሄደው፤ ከግራ ይጀምርና እያንዳንዱ ፊት ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል። ያቀረቀረ ካለ ጠብቆ፣ "ቀና በሉልኝ አባባ፣ ልጆች ይዩዎት" ይላል ቀስ ብሎ። በዚህ ማንም ተቆጥቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ያ ሁሉ ድካም በቀይ፣ በቢጫና በነጭ ገመድ ነበር የሚያልቀው። በዚያ ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ፊት ሁሉ ውሃ የነካው ፎቶ ይሆናል፤ ኋላ ላይ የተቀመጠውን ሰው የሚለየው የወለደው ብቻ ነው። ሁለት ሺህ አምስት ግድም ግን ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ የቦኖሻ ሰው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ፤ ከካርቶኑ ውስጥም ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ ጥቁር ገመድ ወጣ። ሰውየው ገመዱ ለምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። ዋለ አንዱን ጫፍ ላፕቶፑ ጎን፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰክቶ የገዛ ሥራውን ከፈተ። "እኔ የቀረጽኩት ይሄን ነው እንዴ?" አለ አሉ። አለቀሰ የሚሉም አሉ፤ እሱን እኔ አላምንም፣ ዋለ ለሥዕል ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይደለም።

ኤችዲኤምአይ የሚለውን ቃል ለከተማችን ያስተማረው እሱ ነው። ቤት ለቤት እየተጠራ ያገናኛል። ሥርዓትም አለው፤ መጀመሪያ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ገመዱ ይሰካል፣ ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ላፕቶፑ ይከተላል፣ ከዚያ በሪሞቱ "ሶርስ" የሚለውን ተጭኖ ገመዱ የገባበትን ቀዳዳ ይመርጣል። ሰማያዊ ሆኖ "ኖ ሲግናል" የሚል ሲመጣ ባለቤቱ ይደነግጣል። ዋለ ያቺን ድንጋጤ ይወዳታል። ጥቂት ካቆያት በኋላ ላፕቶፑ ላይ ሁለት ቁልፍ ይጫንና ላፕቶፑ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። "ቅንድብ ይቆጠራል" ይላል ያኔ፣ እጁን አጣጥፎ። ይህን ያላለበት ሳሎን የለም። በአቶ ወንዳፈረው ሳሎን ውስጥም ብሎታል።

አቶ ወንዳፈረው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ ይለኛል። የመምህራን ግምገማ ሲደረግ ከፊት ተቀምጦ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው እሱ ነው። ሰው ተነሥቶ ራሱን ይገመግማል፣ ጓደኛው ተነሥቶ እሱን ይገመግመዋል፣ አስፋው የሚባል ቃለ ጉባኤ ያዥ ይጽፋል፣ አቶ ወንዳፈረው ያዳምጣል። በሳምንቱ አንዱ ከሥራ ይታገዳል፣ ሌላው ዕድገት ያገኛል። ቃል ሲወጣው የሰማ ብዙ ሰው የለም።

ወንድሜ አጵሎስ እዚያው ቦኖሻ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበር። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አቶ ጴጥሮስ ሞርሲቶ ላይ ሞቱ። አጵሎስን ከፊደል ጀምረው ያስተማሩት ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በቀደመው ምርጫ ደግሞ በተቃዋሚ ወገን ተወዳድረው ነበር። ለመምህራኑ በስብሰባ ተነገራቸው፤ ማክሰኞ የሥራ ቀን ነው፣ ክፍል ጥሎ ወደዚያ የሚሄድ ካለ ለምን እንደሄደ እናውቃለን ተባሉ። አጵሎስ ሄደ። "ያስተማረኝን ሰው ሳልቀብር የማስተምረው ምኑን ነው?" አለኝ። እኔ ሞኝ ነህ አልኩት።

ግምገማ ላይ ሲጠየቅ ታምሜ ሆሳዕና እህቴ ቤት ተኝቼ ነበር አለ። ማስረጃ አምጣ አሉት። ማስረጃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ፤ የሁለት ቀን የሕመም ዕረፍት ወረቀት አዘጋጅቼ፣ አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ሰጠሁት። ሳያመው ታሟል ብዬ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ወንድሜን ለማዳን ብዬ ነው ስላችሁ ግማሹን ብቻ እመኑኝ። ግማሹ ለራሴ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ምንም አልተሰማም። ነገሩ አለፈ ብለን ነበር። አንድ ረቡዕ ቀን አቶ ወንዳፈረው ዋለን ቢሮው አስጠራው።

"ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝተናል፤ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝልን ሰው ጠፋ። አርብ ጠዋት ና" አለው።

ዋለ እሺ ብሎ ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው ጨመረ፦ "የጴጥሮስንም ለቅሶ ይዘህ ና። ሙሉውን። ቅንድብ ይቆጠራል ብለህ የለ?"

ዋለ ያን ለቅሶ የቀረጸው ራሱ ነው፣ የአጵሎስንም ውሸት ያውቃል፤ ስለዚህ ሱቁንም ቤቱንም ትቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሚስቱ ገነቴ እንኳ ከእኔ በኋላ ነው የሰማችው። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

"ለምን ሊያየው እንደፈለገ ነገረህ?"

"አልነገረኝም።"

"ፊቱስ? ተቆጥቷል?"

"ፊቱ እንደ ወትሮው ነው። ጢሙን አልተላጨም። አባቱ ከሞቱበት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።"

ስለ ሰውየው ጢም ምን አገባኝ? አጵሎስ የት እንደተቀመጠ ጠየቅኩት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ መሃል ነው አለኝ። ካሜራው ሲደርስበት ቀና ብሎ ዋለን በአንገቱ ሰላም ብሎታል። ዋለ ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

"ገመዱ ተበላሸ በለው" አልኩ።

"ገመድ እሱም ቤት አለ፤ እኔ ነኝ የመረጥኩለት።"

"በድሮው ገመድ አሳየዋ። ብዥ ይበል።"

"ሐዳሳ፣ ይሄ ሰውዬ ቤቱ ሄጄ ፊቱ ላይ የፎከርኩበት ሰው ነው። ብዥ ካለ ሆን ብዬ እንዳደረግኩት ወዲያው ይገባዋል።"

"እንግዲያው ቁረጠው። አጵሎስን አውጣው።"

ራሱን ነቀነቀ። "ልተወው ይሻላል። አራት መቶ ሰው አለ እኮ። አራት መቶ ፊት በተርታ ሲያልፍ አንዱን መምህር ማን ልብ ይለዋል? ከቆረጥኩት ግን ይታወቃል። እኔ ሰው እንደማልዘል አገር ያውቃል።"

ትክክል ነበር። አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን አናደደኝ። የሚያየው የወንድሜን ፊት ሳይሆን የራሱን ስም መሰለኝ። "ሥራዬ ተቆረጠ እንዳይባል ፈርተህ ነው እንጂ ለአጵሎስ አስበህ አይደለም" አልኩት። ዋለ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

ሐሙስ ቀን ሱቁ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። አጵሎስን ብቻ ማውጣት አልተቻለም፤ ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲሄድ ትከሻው ከጎረቤቱ ጋር ይገባል፣ ክንዱ በሌላ በኩል ይቀራል። ስለዚህ ዋለ ረድፉን በሙሉ ቆረጠው፤ ሰባት ስምንት ሽማግሌ ከነጋቢያቸው ከወንድሜ ጋር ሄዱ። ሽማግሌዎቹን ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። ዋናውንስ ደምስሰው ስለው ግን እምቢ አለ። የሰው ለቅሶ ደምስሶ አያውቅም፤ የሞቱት ሁሉ እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ናቸው። "ልጆቻቸው ደግመው ቢፈልጉትስ?" አለኝ። የተቆረጠውን ላፕቶፑ እምቢ ካለ ብሎ ፍላሽ ላይም ገለበጠው።

በዚያ ሳምንት ከሰኞ ጀምሮ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር። አርብ ጠዋት ጤና ጣቢያ መርፌ ቤት ቆሜ ዓይኔ አምፖሉ ላይ ነው። ጌታ ሆይ አጥፋው እላለሁ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ "ሲስተር፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። መብራቱ ፍንክች አላለም፤ ቀኑን ሙሉ በርቶ ዋለ።

ቢሮው ውስጥ የሆነውን ከዋለና ከአቶ ወንዳፈረው ጸሐፊ ከኤደን ነው የሰማሁት። አቶ ወንዳፈረው ለኤደን ማንም እንዳይገባ ብሎ በሩን ዘጋው። ዋለ በሥርዓቱ ሠራ፤ አጠፋ፣ ሰካ፣ አበራ፣ ሶርሱን መረጠ። ሰማያዊው ላይ "ኖ ሲግናል" ሲመጣ በዚህ ቀን አላቆየውም። ቪዲዮውን ከፈተ።

በዚህ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ሥዕሉ ብቻ አይደለም፣ ድምፁም ነው። የአዲሱ ቴሌቪዥን ድምፅ ደግሞ እስከ ላይ ተከፍቶ ነበር። የሞርሲቶ ሴቶች ዋይታ ያን ሕንፃ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። በእኛ አገር ዋይታ ተሰምቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ከመዝገብ ቤትም ከሒሳብ ክፍልም ሰው እየሮጠ መጣ፤ ኤደንም ትእዛዙን ረስታ በሩን በረገደችው፣ አለቃዋ የወደቀ መስሏት። አስፋውም ከነማስታወሻ ደብተሩ ደረሰ። ዋለ ሪሞቱን አግኝቶ ድምፁን ሲቀንስ ክፍሉ ውስጥ ሰባት ሰው ቆሞ ነበር።

የሞተ እንደሌለ ሲያዩ መውጣት ነበረባቸው። አልወጡም። ሥዕሉ እንደዚያ ሲጠራ አይተው አያውቁም፤ ደግሞ ማን ለቅሶ አይቶ የሚያውቀውን ሰው ሳይፈልግ ይሄዳል? አንዱ አክስቱን አገኘ፣ አንዱ ይሄ የማን ልጅ ነው አለ። አቶ ወንዳፈረው ውጡ አላለም፤ ወንበሩን ብቻ ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ። አንደኛው ረድፍ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ከዚያ አራተኛው መጣ።

"ቆይ። መልሰው" አለ አቶ ወንዳፈረው።

ዋለ መለሰው። እንደገና ከሁለተኛው ወደ አራተኛው ዘለለ።

"ሽማግሌዎቹ የታሉ?"

"እዚህ ጋ ካሜራው ትንሽ..." አለ ዋለ።

"ዋለ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚዘለው?" አለ አስፋው፣ እየሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ፤ አንድ ነገር ሸተተው።

አቶ ወንዳፈረው የተናገረው ኤደን ሰምታው በማታውቅ ድምፅ ነው። "አባቴ እዚያ ነበር" አለ። "ሳይነግረኝ ሄዶ፤ የልጅነት ጓደኛው ነው ጴጥሮስ። ከድሮ መታወቂያው በስተቀር አባቴ ፎቶ የለውም። ከዚህ ላይ አንድ ፊት አውጥቼ ላሳትም ነበር።"

ሰውየው የፈለገው ይህን ነበር። ሌላውን ሁሉ አትሂዱ እያለ የገዛ አባቱ የሄዱበትን ለቅሶ ለምን እንደፈለገው ለማንም መናገር አፍሮ ነበር። ስለ አጵሎስ ያሰበ የለም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ሐዘንተኛ ፊት ቆሞ አባትህን ቆርጬ ጣልኳቸው ማለት ከየት ይመጣል? ዋለ፣ ዋናው አለ፣ አሁን እከፍተዋለሁ ብሎ ቪዲዮውን ዘጋው። በድንጋጤው የረሳው ግን ገመዱ እንደተሰካ መሆኑን ነው። ላፕቶፑ ላይ የሚያየውን ሁሉ ሰባቱም ሰው በትልቁ ያየዋል። የፋይሎቹ ማህደር ቴሌቪዥኑን ሞልቶ ተከፈተ። ዋለ ለፋይል ስም ሲሰጥ ኋላ እንዳይምታታበት በውስጡ ያለውን ዘርዝሮ ነው የሚጽፈው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአማርኛ። ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ "ጴጥሮስ ለቅሶ ሙሉው" ይላል። ሌላው "ጴጥሮስ ለቅሶ ያለ አጵሎስ" ይላል።

አስፋው ሁለተኛውን ጮክ ብሎ አነበበው።

ሙሉው ተከፈተ። ሦስተኛው ረድፍ መጣ። የአቶ ወንዳፈረው አባት ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ በጠራው ሥዕል ጉንጫቸው ላይ የደረቀው እንባ ይለያል። አጠገባቸው አጵሎስ አለ። ሽማግሌው ቀና እንዲሉለት ክርናቸውን በእጁ ደግፎ፣ ወደ ካሜራው እያሳያቸው። አቶ ወንዳፈረው ብዙ ጊዜ አየው። ኤደን እንደምትለው አስፋው ደብተሩን ሲገልጥ አቶ ወንዳፈረው ዘወር ብሎ አይቶታል፤ ተው ሊለው አፉን ከፍቷል፤ ከዚያ መልሶ ገጥሞታል። የገዛ አባቱ ፊት ቴሌቪዥኑ ላይ እያለ ለሌላ ሰው እንዴት ይሟገታል? "ላፕቶፑ እዚህ ይቆይ" ብቻ አለ።

ዋለ አራት ቀን ታስሮ ወጣ። ላፕቶፑ እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም። የአቶ ጴጥሮስ ሚስት ወሬው ሲደርሳቸው ፈርተው የእሳቸውን ዲስክ ሰባብረው ምድጃ ውስጥ ጣሉት፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ወረቀቱ ተገኝቶብኝ ደመወዜ ተቀነሰ፣ መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ተዛወርኩ። አጵሎስ ከሥራ ተባረረ። ሊያስሩትም ነው ሲባል፣ ምርጫው ሳይደርስ፣ እንደ ሌሎቹ በሞያሌ ወጣ። አንዴ ከናይሮቢ ደወለ። አንዴ ከታንዛኒያ ደወለና ነገ በጭነት መኪና እንሻገራለን አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ስልኩ አይሠራም። እኔ ግን በየሳምንቱ እሞክረዋለሁ።

ባለፈው ዓመት እናታችን እማማ አባይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንዲት ሴት አጵሎስ ሞርሲቶ ለቅሶ ላይ ተቀርጾ ነበር ብላ ነገረቻት። ዋለን ጥሪልኝ፣ ልጄን ልየው አለች። ቪዲዮው የለም ብላት አልሰማ አለችኝ። ዋለ ያችን ፍላሽ ይዞ መጣ። ምን እንዳለባትና ምን እንደሌለባት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ለእናቴ ግን አልነገርናትም።

የእኔን ላፕቶፕ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። እናቴ በርጩማዋን ስባ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠች። አንደኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከዚያ አራተኛው።

"አለፈ እንዴ?" አለች። "መልስልኝ ልጄ።"

መለሰላት። ሦስት ጊዜ መለሰላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እማዬ እኔ ነኝ ያስወጣሁት ልላት ነበር፤ አላልኳትም።

"እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ዋለ። "ያን ቀን አልጠነቀቅኩም። ሰው ዘለልኩ።"

ብዥ ያለ ነገር ከእጄ አይወጣም ሲል የኖረ ሰው ነው ይህን ያለው። ወደ እኔ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም። እናቴ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው።

"ምንም አይደል፣ ሰው ነህ። ዝም ብለህ ልቀቀው፤ ኋላ ከቆሙት ጋር ይኖራል" አለች።

ዋለ ለቀቀው። የቀሩትን ሁሉ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ተቀምጣ አየቻቸው።